ክንድን ብቻ ማደንዘዝ፦ አልትራሳውንድ የቀነሳቸውና ያልቀነሳቸው አደጋዎች

ትከሻው፣ ክርኑ ወይም እጁ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው የግድ ሙሉ ሰመመን ወስዶ መተኛት የለበትም። ወደ ክንዱ የሚወርዱት ነርቮች ባሉበት ስፍራ ማደንዘዣ በመርፌ ቢሰጠው ክንዱ ብቻ ለሰዓታት ይደነዝዛል፤ ታካሚው ግን እየተነፈሰ፣ እየሰማና እየተናገረ ቀዶ ሕክምናው ሊከናወንለት ይችላል። ይህ የነርቭ ማደንዘዣ የሚባለው ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግን መልኩ ተለውጧል፤ ቀድሞ በግምት ይገባ የነበረው መርፌ ዛሬ በአልትራሳውንድ ምስል እየታየ ይገባል።

ብዙ ታካሚዎች ምስል ካለ አደጋ የለም ብለው ያስባሉ። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ምስሉ አንዳንድ አደጋዎችን በግልጽ ቀንሷል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ከነበሩበት አላንቀሳቀሰም። የትኞቹ እንደ ቀነሱና የትኞቹ እንዳልቀነሱ ማወቅ ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ለታካሚውም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ምስሉ ሊያሳየው ከማይችለው ነገር አንዱ ታካሚው የሚሰማው ስሜት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክንድ ነርቮች መንገድ

ክንድን የሚያንቀሳቅሱትና ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ከአከርካሪ የሚወጡት በአንገት ሥር ነው። አራቱ የታችኛው አንገት ነርቮችና የመጀመሪያው የደረት ነርቭ እርስ በርሳቸው እየተጋጠሙና እየተለያዩ አንድ መረብ ይሠራሉ። ይህ መረብ ብራኪያል ፕሌክሰስ ይባላል። ከአንገት ጡንቻዎች መካከል ይነሣል፤ ደረትንና ትከሻን በሚያገናኘው አጥንት ሥር ያልፋል፤ ከዚያም በብብት በኩል ወደ ክንድ ይወርዳል። በዚህ ጉዞው ሁሉ ትላልቅ የደም ሥሮች አብረውት ይሄዳሉ፤ በአንድ ስፍራም ለሳንባ ጫፍ እጅግ ይቀርባል።

የሰመመን ባለሙያው መረቡን በአራት ዋና ዋና ስፍራዎች ሊያገኘው ይችላል። በአንገት ጡንቻዎች መካከል የሚሰጠው ማደንዘዣ ለትከሻ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። ከአጥንቱ በላይ የሚሰጠው ነርቮቹ ተጠጋግተው በሚገኙበት ቦታ ስለሆነ አብዛኛውን ክንድ በፍጥነት ያደነዝዛል። ከአጥንቱ በታች የሚሰጠው ለክርን፣ ለክንድና ለእጅ ያገለግላል። በብብት የሚሰጠው ደግሞ ከሳንባ የራቀ በመሆኑ ለታችኛው ክንድና ለእጅ ተስማሚ ነው። እያንዳንዱ ስፍራ የራሱ ጥቅምና የራሱ ስጋት ስላለው፣ የቦታው ምርጫ የጥንቃቄው መጀመሪያ ነው።

ከግምት ወደ ምስል

በ1911 ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ ሂርሽልና ኩለንካምፕፍ፣ ቆዳ ሳይቀደድ በመርፌ ብቻ ይህን መረብ ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳዩ። የመጀመሪያው በብብት፣ ሁለተኛው ከአጥንቱ በላይ ነበር። ኩለንካምፕፍ ዘዴውን በመጀመሪያ የሞከረው በራሱ ላይ ነው።

ሙያው በአሜሪካ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ከተሞች አንዷ ሲያትል ናት። ዶክተር ዳንኤል ሙር በ1947 በሲያትል ወደሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን የሕክምና ተቋም ገብቶ ለነርቭ ማደንዘዣ የተለየ ትኩረት የሚሰጥ ክፍል አደራጀ። በ1953 ያሳተመው የመማሪያ መጽሐፍም ለብዙ ዓመታት የሰመመን ሐኪሞች መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። በዚያ ዘመን ባለሙያው የሚመራው በአጥንት፣ በጡንቻና በደም ሥር ትርታ ነበር። መርፌው ነርቩን ማግኘቱ የሚታወቀው ታካሚው እስከ ጣቱ የሚወርድ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት ሲሰማው ነበር። ስሜቱ ይፈለግ ነበር፤ እርሱ ካልመጣ ማደንዘዣው እንደማይሠራ ይታመን ነበርና።

በኋላ ነርቩን በአነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ መጣ። በ1978 የደም ፍሰትን ድምፅ የሚያሰማ የአልትራሳውንድ መሣሪያ የደም ሥሩን ቦታ ለማወቅ ጥቅም ላይ ዋለ። በ1994 ደግሞ በቪየና የሚገኙ ሐኪሞች ነርቩን፣ መርፌውንና የሚፈሰውን መድኃኒት በምስል እያዩ ማደንዘዝ እንደሚቻል በጥናት አቀረቡ። ሙር ይፈልገው የነበረው ንዝረትም ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ዛሬ ታካሚው "ነዘረኝ" ካለ ባለሙያው መድኃኒቱን መስጠት ያቆማል።

ምስሉ የቀነሳቸው አደጋዎች

የመጀመሪያው አደጋ ማደንዘዣው በስህተት ወደ ደም ሥር መግባቱ ወይም ከመጠን በላይ ወደ ደም መሰራጨቱ ነው። ታካሚው በአፉ የብረት ጣዕም ሊሰማው፣ ምላሱ ሊደነዝዝ፣ ጆሮው ሊጮኽ ወይም ድንገት ሊረበሽ ይችላል። ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳትና የልብ ምት መዛባት ሊከተሉ፣ ሲብስም ልብ ሊቆም ይችላል። በ2013 የታተመ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሐኪሞች ጥናት ለሕሙማን የተሰጡ 25,336 የነርቭ ማደንዘዣዎችን መዝግቦ ይህ መመረዝ በ22ቱ ላይ እንደ ታየ አመልክቷል፤ ይህም ከ1,000 ማደንዘዣዎች አንድ አይሞላም። አልትራሳውንድ ጥቅም ላይ በዋለባቸው ሕሙማን ላይ ደግሞ አደጋው ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር።

ሁለተኛው የሳንባ ሽፋን መበሳት ነው። ከአጥንቱ በላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ ለረጅም ዘመን የተፈራው በዚህ ምክንያት ነበር። ባለሙያው ሳንባውን በምስል እያየ የመርፌውን ጫፍ ሲቆጣጠር አደጋው ይቀንሳል፤ ጫፉን ካላየ ግን ማሽኑ በአጠገቡ ስላለ ብቻ አይድንም።

ሦስተኛው የድያፍራም መዳከም ነው። ድያፍራም ከሳንባ በታች ያለው ዋነኛው የመተንፈሻ ጡንቻ ሲሆን፣ የሚያዝዘው ነርቭ በአንገት ላይ ከክንዱ ነርቮች አጠገብ ያልፋል። በ1991 የታተመ ጥናት በአንገት ጡንቻዎች መካከል የተወጉ ሕሙማን በሙሉ በተወጉበት በኩል ያለው ግማሽ ድያፍራም እንደ ተዳከመ አሳየ። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአልትራሳውንድ እየታየ የሚሰጠው መድኃኒት ከ20 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ሚሊ ሊትር ሲቀነስ ይህ መዳከም ከ100 በመቶ ወደ 45 በመቶ እንደ ወረደ አመለከተ። ጤናማ ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል። ከባድ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ግን 45 በመቶም ብዙ ነው፤ ለእርሱ ሌላ ስፍራ ወይም ሌላ ዘዴ መመረጥ ይኖርበታል።

በአንገት የሚሰጠው ማደንዘዣ የድምፅ መጎርነንና የዓይን ቆብ መውረድም ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲለቅ አብረው ይጠፋሉ፤ አስቀድሞ ያልተነገረውን ታካሚ ግን ማስደንገጣቸው አይቀርም።

ያልቀነሰው አደጋ

በቨርጂኒያ ሜሰን የሠራው ዶክተር ጆሴፍ ኒል በ2016 ባሳተመው ሰፊ ግምገማ የአልትራሳውንድን ጥቅም አንድ በአንድ መርምሯል። በመድኃኒት መመረዝ፣ በሳንባ መበሳትና በድያፍራም መዳከም ረገድ ምስሉ እንደ ረዳ ተቀብሏል። የነርቭ ጉዳትን እንደ ቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልተገኘም።

ለወራት ወይም ለዘለቄታው የሚቆይ የነርቭ ጉዳት ከ10,000 ሰዎች ከሁለት እስከ አራት በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ ይገመታል። ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሚቆይ መደንዘዝና ውርር ማለት ከዚህ በጣም ይበዛል፤ አብዛኛውም በራሱ ይሽራል።

ነርቩ እየታየ ጉዳቱ ያልቀነሰበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። በመጀመሪያ፣ ነርቭ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ጥቅሎች አሉት፤ በተለመዱት መሣሪያዎች የሚገኘው ምስል መርፌው ከጥቅሉ ውጭ መሆኑን ሁልጊዜ አጥርቶ አያሳይም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የምስሉ ጨረር ስስ ስለሆነ የመርፌው መካከለኛ ክፍል ጫፉ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እውነተኛው ጫፍ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ጉዳቱ ሁልጊዜ ከመርፌው አይመጣም። ቀዶ ሕክምናው ራሱ፣ ደም ለማቆም ክንዱ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ፣ የክንዱ አቀማመጥ፣ ቀድሞ የነበረ ስኳር በሽታ ወይም የነርቭ ሕመም ድርሻ አላቸው።

በ2000 የታተመ አንድ ዘገባ ከዚህ የከፋውን አሳይቷል። ሙሉ ሰመመን ውስጥ እያሉ በአንገት በኩል የተወጉ አራት ሕሙማን በአንገታቸው ውስጥ ያለው ኅብለ ሰረሰር ለዘለቄታው ተጎድቷል። የተኛ ሰው "አመመኝ" ሊል አይችልም። የአሜሪካ የሙያ ማኅበር መመሪያዎች በአዋቂዎች ላይ ይህ ዓይነቱ ማደንዘዣ በሙሉ ሰመመን ውስጥ እንዳይሰጥ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌት፣ ጽሑፍና ጎን

ከምስሉ ውጭ ያሉት ጥንቃቄዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የመጀመሪያው ስሌት ነው። ቡፒቫኬይን የተባለው ለረጅም ሰዓት የሚያደነዝዝ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲሰጥ በተለምዶ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ2.5 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይሆን ይደረጋል። ለ60 ኪሎ ግራም ሰው ይህ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በ0.5 በመቶ የተዘጋጀው መድኃኒት በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ 30 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ ጣሪያው ይሞላል። አረጋውያን፣ የልብ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመምተኞች ከዚህ ያነሰ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱም በአንድ ትንፋሽ አይገባም፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር እየተቆጠረ፣ ደም እንዳለ ለማየት ሲሪንጁ ወደ ኋላ እየተሳበ በዝግታ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ታካሚው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ክትትል ያስፈልገዋል፤ መመረዙ ዘግይቶም ሊመጣ ይችላልና።

ቡፒቫኬይን የቁጥርን ወሰንም አስተምሯል። በ1978 ሙርና ባልደረቦቹ 11,080 ሕሙማንን ያካተተ ግምገማ አሳትመው መድኃኒቱ ጥሩ አገልግሎት እንደ ሰጠ ገለጹ። በ1979 ደግሞ ዶክተር ጆርጅ አልብራይት ልብ ድንገት የቆመባቸውን ሰዎች ጠቅሶ የሙያውን ዓለም አስጠነቀቀ። ሁለቱ አይጣሉም፤ ብርቅ የሆነ አደጋ በሺዎች መካከል ሳይታይ ሊቆይ ይችላል፤ በመጣ ጊዜ ግን ሕይወት ያጠፋል።

መድኃኒቱም ከጊዜ በኋላ ተገኘ። ሙርና ብራይደንባው ገና በ1960 በጻፉት ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሞ ኦክስጅን መስጠትን አስተምረው ነበር። በ1998 በቺካጎ ዶክተር ጋይ ዋይንበርግ በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ምግብ በአፍ ለማይወስዱ ሕሙማን በደም ሥር የሚሰጠው ወተት መሰል የቅባት ፈሳሽ በቡፒቫኬይን የተመረዘን ልብ ሊያስነሣ እንደሚችል አሳየ። በ2006 በኒውዮርክ ለትከሻ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ተሰጥቶት ልቡ የቆመ ሰው በዚህ ፈሳሽ መዳኑ ተዘገበ። ዛሬ ከ70 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሰው የ20 በመቶው ፈሳሽ በኪሎ ግራም 1.5 ሚሊ ሊትር ሆኖ ይጀመራል፤ ለ60 ኪሎ ግራም ሰው 90 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የነርቭ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ይህ ፈሳሽ በቅርብ መገኘት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በእያንዳንዱ ሲሪንጅና ዕቃ ላይ ስም መጻፍ ነው። በ2004 በዚያው በቨርጂኒያ ሜሰን አንዲት ታካሚ ሕይወቷ አለፈ። ጉዳዩ የክንድ ማደንዘዣ አልነበረም፤ የደም ሥርን በምስል እያዩ የሚደረግ ሕክምና ነበር። መልካቸው እንደ ውኃ የጠራ ሦስት ፈሳሾች በአንድ ላይ ቀርበው ነበርና፣ በምስል ማሳያው ፈሳሽ ፈንታ የቆዳ ማጽጃ ተሰጣት። ተቋሙ ስህተቱን አልሸሸገም፤ ለሕዝብ ገልጾ አሠራሩን ለወጠ። ማደንዘዣም የጨው ውኃም ማጽጃም በሲሪንጅ ውስጥ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ይህንንም አደጋ አልትራሳውንድ አያስቀረውም።

ሦስተኛው ትክክለኛውን ጎን ማረጋገጥ ነው። በቀኝ ፈንታ ግራን ማደንዘዝ የማይታመን ቢመስልም ይከሰታል። መርፌው ቆዳ ከመንካቱ በፊት ሁሉም ለአፍታ ቆሞ የታካሚውን ስም፣ የፈቃድ ቅጹንና በቆዳው ላይ የተደረገውን ምልክት እንዲያይ የሚያዝዝ ልማድ በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ በብዙ አገሮች ተወስዷል።

የታካሚው ቃል

በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ነቅቶ ወይም በጥቂቱ ብቻ ተረጋግቶ ከሆነ እርሱ ራሱ አንድ የጥንቃቄ መሣሪያ ነው። ቃሉ ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ ነርቭ ያለ ሕመምም ሊጎዳ ይችላልና። ቢሆንም የተሰማውን በወቅቱ ከተናገረ መርፌው ሊቆም ይችላል።

እዚህ ላይ በውጭ አገር ለምንኖር ሁሉ አንድ ችግር አለ። ሕመምን በዝምታ መቻል በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ ሐኪምን በሥራው መካከል ማቋረጥም ነውር ይመስላል። "አይዞህ፣ ቻለው" እየተባለ ያደገ ሰው እስከ ጣቱ የወረደውን ንዝረት ጥርሱን ነክሶ ሊያሳልፈው ይችላል። በነርቭ ማደንዘዣ ጊዜ ግን ዝምታ ባለሙያውን ያሳስተዋል። ጫና፣ ክብደት ወይም ሙቀት መሰማቱ የሚጠበቅ ነው። እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ የሚወጋ ወይም በክንድ ላይ ተወርውሮ የሚወርድ ሕመም ግን ወዲያውኑ መነገር አለበት። የብረት ጣዕም፣ የጆሮ ጩኸት፣ የምላስ መደንዘዝና የትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። "ወረረኝ"፣ "ነዘረኝ"፣ "ደነዘዘኝ" እና "አቃጠለኝ" የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልጅ ወይም ዘመድ ሲያስተረጉም ግን ሁሉም "አመመው" ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይናገር ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በሲያትል የሚገኘው የሃርበርቪው ሕክምና ማዕከል ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኤትኖሜድ የተባለውን፣ በአማርኛም ጭምር የጤና ጽሑፎችን የሚያቀርብ የመረጃ ምንጭ በ1994 የጀመረው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነው። አስተርጓሚ የሚጠየቀው በቀጠሮው ጊዜ እንጂ መርፌው ከቀረበ በኋላ አይደለም። "ነዘረኝ" በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባልም ከአስተርጓሚው ጋር አስቀድሞ መስማማት ብልኅነት ነው።

ከማደንዘዣው በፊት ታካሚው ሊናገራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ የሚወስደው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት፣ የሳንባ ሕመም፣ ስኳር በሽታ፣ በዚያ ክንድ ላይ ቀድሞ የነበረ መደንዘዝ ወይም ድካም፣ እንዲሁም ከማደንዘዣ ጋር የተያያዘ የቀድሞ ችግር። ሊጠይቃቸው የሚገቡም አሉ፦ የሚወጉኝ በየትኛው ስፍራ ነው? ለምን እርሱ ተመረጠ? ክንዴ ለስንት ሰዓት ይደነዝዛል? ማታ ችግር ቢመጣ የምደውለው ለማን ነው?

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

ለረጅም ሰዓት የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከ8 እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ክንዱ የባለቤቱን ትእዛዝ አይሰማም፤ ማቃጠልንም አያውቅም። ስለዚህ በማንገቻው ላይ ይቆይ፤ ከምድጃ፣ ከትኩስ ጀበናና ከእጣን ማጨሻው ፍም ይራቅ። ስሜቱና ጉልበቱ ሳይመለስ መኪና መንዳት አይገባም።

ሌላው የሚዘነጋው ማደንዘዣው በድንገት ሲለቅ የሚመጣው ብርቱ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሌሊት ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን የሕመም ማስታገሻ ክንዱ ገና ሳይለቅ፣ በታዘዘው ሰዓት መጀመር ይህን ያቀልላል።

የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ አምቡላንስ መጥራት ይገባል። በተወጋው ስፍራ መቅላት፣ ማበጥ ወይም መግል ከታየ፣ ወይም በተባለው ጊዜ መደንዘዙ ካልለቀቀ ደግሞ ወደ ሕክምና ቡድኑ መደወል ያስፈልጋል። "ይለቅ ይሆናል" እያሉ ሳምንታት ማሳለፍ አይገባም፤ አንዳንድ የነርቭ ጉዳት ቶሎ ሲታወቅ የመርዳት ዕድሉ የተሻለ ነውና።

ለአገር ቤት የሚሆን ትምህርት

በኢትዮጵያ ሰመመን የሚሰጡት አብዛኞቹ ባለሙያዎች ሐኪሞች አይደሉም፤ በጎንደር፣ በጅማ፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የሠለጠኑ የአኔስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው። የነርቭ ማደንዘዣ ለእነርሱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ታካሚው በራሱ ስለሚተነፍስ የመተንፈሻ ማሽንና የጽኑ ሕሙማን አልጋ በማይበዛበት ስፍራ የተሰበረ ክንድ ሊታከም ይችላል። አልትራሳውንድ ሲገኝ መልካም ነው፤ ማሽኑን መግዛት ግን የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ጫፉን ሳያይ መርፌ የማይገፋ የሠለጠነ እጅ፣ በክብደት የተሰላ መጠን፣ ስሙ የተጻፈበት ሲሪንጅ፣ በቅርብ ያለ ኦክስጅን፣ የሠላሳ ደቂቃ ክትትልና ታካሚውን በቋንቋው የሚጠይቅ ባለሙያ በሲያትልም በጎንደርም እኩል ያስፈልጋሉ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከውጭ የሚገዙ አይደሉም።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ ነው፤ ታካሚውን መርምሮ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ታካሚው ግን የሚጠይቀውንና የሚናገረውን አውቆ ቢገባ ሐኪሙ የተሻለ ሊረዳው ይችላል።